ቢላው በእጄ ነበር

ከኩታበር በላይ፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
የቂርቆስ ደጀ ሰላም፣ ቆርቆሮው በሚጮኽበት፣
ቅዳሴ አልቆ፣ ጠበል ቀምሰን፣ ሰንበቴው ሲከፈት፣
ዳቦ ቆራሽ ነኝ፤ ቢላው ያባቴ ነው፣ ስለቱ የሳሳበት።

አርባ አንድ ነን በቁጥር፤ አርባ አንድ እቆርጣለሁ፤
ላራስ፣ ለታመመ፣ የቤት ድርሻ አስቀምጣለሁ፤
ለእማሆይ ወለተ ሐና፣ ጥርስ ለከዳቸው፣ ልቡን፣
ለጎረምሳው ለሞላልኝ ቅርፊቱን፣ ዳር ዳሩን።
ሰው በቁራሹ ይታወቃል ባይ ነኝ፤
ቁጥሬ ሲሞላ፣ ሁሉ የጠገበ የሚመስለኝ።

አራጋውና ደምስ በድንበር ይሟገታሉ፤
በየወሩ ደሴ፣ ፍርድ ቤት ይወርዳሉ።
እሑድ ግን አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው፤
ጽዋው ሲዞር ሳይተያዩ ይቀባበላሉ፤
ጣታቸው ሲነካካ፣
ሁለቱም ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

ዘንድሮ በልግ ቀረ። ደመናው መጣ፣ አየን፣ ሄደ።
ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ፣ ባለበት ነደደ።
ጽዋውም ዞሮ ዞሮ ባስረበብ ላይ ወደቀ፤
ሙሴው፣ አያ ዘውዴ፣ "ይለፍሽ ወይ?" ብሎ ጠየቀ።
ባሏን አፈር ካለበሰች ሦስት ክረምት፤
ልጇ ጅዳ ነው ይሉታል፤ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም አንድ ሌት።
"ተራዬ ነው" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረች።
ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወጣች።

በቀኗ ግን ጋኑ ሙሉ፣ ድፎው ሙሉ፤
"ያበርክትልሽ!" አሉ፤ "ያመቱ አውራ ነው" አሉ።
ቄሱ ባረኩ። ቢላዬን ሰካሁ፣ ገባ እንደ ቅቤ፤
እጄ ግን ቆመ፤ ደነገጠ ልቤ።
ይኼ ስንዴ የኛ ጋራ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ የመስኖ፣
ከወንዙ ዳር የበቀለ፣ ሰማይ ሳያይ፣ ምንጩን አምኖ።

ቢላውን ላጥብ ወጣሁ። ከጥዱ ሥር አህያ፤
ከጀርባዋ ተጣጥፎ ባዶ ጆንያ፤
በአረንጓዴ ቀለም ጠማማ ሁለት ፊደል፦
"እ. ሙ."፤ እንድሪስ ሙሄ። ከሱ ሌላ ማን ይሆናል።

"ለመንሽው?" አልኳት። "አልለመንኩም" አለች፤
ዓይኗን ከቢላው ሳትነቅል ተናገረች፦
"ሦስት ቀን ከጣራዬ ጭስ እንዳልወጣ አይቶ፣
ባራተኛው መጣ፣ ማልዶ ተነሥቶ።
'የሰንበቴሽ ቀን ደርሷል፤ ሰው ፊት እንዳታፍሪ' ብሎ፣
ከደጄ አውርዶ ሄደ፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም፣ ቸኩሎ።"

ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ድርሻዋን ሳቀብላት፣
አንዴ ቀምሳ፣ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥራት፣
"ቆጣቢ ናት" እል ነበር።
ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋት።
የሳምንት እራቷ ነበር።

ጽዋችንን የማይጠጣ፣ ካግዳሚያችን የማይቀመጥ ሰው
ጭሷን ቆጠረ፤
እኛ አርባው፣ ጉልበታችን እየተነካካ፣
ዳቦ ስንቆጥር ነበረ።
ቢላውም በእጄ ነበረ።

ለሙሴው ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም፤
"የሰው ዕቃ" አለ "ባዶውን አይመለስም።"
በሳምንቱ ጆንያው ከበሩ ሥር ዋለ፤
ገብስ በእፍኝ፣ ባቄላ በጣሳ፣ ሰው የቻለውን ጣለ።
ደምስ ሲያፈስ አራጋው የጆንያውን አፍ ያዘ፣
ፊቱን ግን ወደ ጥዱ እንዳዞረ፣ እንደቀዘቀዘ።
ሰባቱ አለፉት፣ አንገታቸውን ደፍተው፤
ተቆጣሁ።
ከሰባቱ የሦስቱ፣ በኋላ ሳስበው፣ ጎተራው ባዶ ነው።

ጆንያውን ተሸክሜ ወረድኩ። ፀሐይ ጠልቃለች።
እንድሪስ ይሰግዳል። ሚስቱ ዘይነባ "ግባ" አለች።
ትሪ ቀረበ፤ ንፍሮ፣ ጨው ነስነስ ያለበት፤
ልጅ፣ ጎረቤት፣ መንገደኛ፣ እጅ ተሰበሰበበት።
ማንም አልቆረሰ፣ ማንም አልቆጠረ።
እጄ ባመሉ ወገቤን ዳበሰ፤
ቢላው ቤት ነበረ።